ከፎቶው የቆረጥኳት ዜናይዳ

በዜናይዳ እቀናለሁ። ልደብቀው ብል ማን ያምነኛል? የከተማችን የጊምባል ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ዓሣ ሻጮቹ ያውቃሉ፣ ቄሱ ያውቃሉ፣ እናቴም አውቃው ነው የሞተችው። ሰባት ዓመት ሙሉ ስሟ በተነሳ ቁጥር ሆዴ ውስጥ እሳት ይነዳል።

ቆንጆ ብትሆን እኮ አይቆጨኝም ነበር። አይደለችም። አጭር ናት፣ ፊቷ ክብ ነው፣ ስትስቅ ድዷ ሁሉ ይታያል። ሥራዋ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ፣ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ትውላለች። ግን ሳቋ! ዜናይዳ ስትስቅ መንገድ ላይ ያለ ሰው ዞር ሳይል አያልፍም። ባሌም አያልፍም።

እኔ ኔኒታ እባላለሁ። ካናዳ፣ ዊኒፔግ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሽማግሌና አሮጊት ሳጥብ፣ ሳጎርስ፣ ሳስተኛ ኖሬ ዜግነቱን አገኘሁ። እናቴን ሕመም ግማሽ ጎኗን ሽባ ሲያደርጋት ሥራዬን ትቼ አገሬ ገባሁ። ለስድስት ወር ብዬ የመጣሁ ሴት፣ ሰባት ዓመት ቀረሁ። በገባሁ በወሩ ኤርኔል መጣ። ጀልባ ሠሪ ነው፤ ሞተርም ይጠግናል። የእናቴን ተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ሊያስተካክል መጥቶ፣ ጎማው ከተስተካከለ በኋላም መምጣቱን አልተወም።

እንግዲህ እናቴ የድሮ ሰው ነበረች። እኔ ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በሰው አገር ብቻዬን በበረዶ ስመላለስ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ እሷ ግን አልጋዋ ላይ ሆና «ልጄ ከወንድ ጋር ብቻዋን ባሕር ዳር ስትቀመጥ አገር አያያትም!» አለች። አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። የኤርኔል እናት ደግሞ ማንን ብትልክ ጥሩ ነው? የክርስትና ልጇን፣ ግድግዳ የምትዋሰናትን ዜናይዳን! ጠባቂያችን ሆና ተመደበች።

ከዚያማ ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስት ሆነን ተፋቀርን። ባሕር ዳር ስንሄድ ሦስት። ቅዳሴ ሦስት። የከተማውን ክብረ በዓል ሰልፍ ስናይ ሦስት፣ ኑድል ስንበላ ሦስት ሹካ። ፎቶ እንነሳ ሲባል ጥሩ ስልክ ያላት እሷ ነች፤ ስልኳን ላገኘችው መንገደኛ ታቀብልና ሮጣ መጥታ መሃላችን ትገባለች። እኔ እርር እያልኩ ፈገግ እላለሁ። ስንጋባም የሠርግ ቀሚሴን የሰፋችው እሷ፣ ፎቶዎቹን ሁሉ አሳጥባ በአልበም አድርጋ ስጦታ የሰጠችን እሷ። «አመሰግናለሁ፣ የኔ እህት» አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ዐረፈች። ቀብረናት ስንመለስ እዚህ የሚያስቀረኝ ነገር እንደሌለ ገባኝ። የኤርኔል ሥራ በዝናቡ ወራት የለም፤ የኔም ጥሪት አልቋል። ለድሮ አለቃዬ ጻፍኩላት። «እስከ መስከረም ቦታሽን እጠብቅልሻለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ብላ በደብዳቤ መለሰችልኝ። ኤርኔል ደብዳቤውን አሥር ጊዜ አስነበበኝ። ከዚህ ደሴት ወጥቶ የማያውቅ ሰው፣ በረዶ ላይ እንዴት እንደሚራመዱ ሲጠይቀኝ ያመሻል።

የሁሉም ምክር አንድ ነው። አክስቴ ቲያ ሎሊንግ እንኳ አልቀሩም።

«አንቺ ልጅ፣ ቀድመሽ ሂጂና እዚያ ሆነሽ አስመጪው። ሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚያደርገው?»

«እሱስ?»

«እሱማ ይጠብቅሻላ!»

«የት ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ ቲያ? እኔ ስሄድ እናቱ ቤት ነው የሚመለሰው። ከግድግዳው ማዶ ማን እንዳለች ረሱት እንዴ?»

«በስመ አብ! በቅናት ልታብጂ ነው!»

«ልበድ! አብጄም ቢሆን አብሬው ነው የምሄደው።»

ዜጋ ስለሆንኩ እዚሁ ተቀምጬ ላመለክትለት እንደምችል አውቃለሁ። የቋሚ ነዋሪነት ፈቃዱ ሲወጣ እኔም አብሬው ተመልሼ እንደምኖር ማስረዳት ብቻ ነው ያለብኝ፤ ለዚያ የአለቃዬ ደብዳቤ አለ። የጋብቻ ወረቀት አለ፣ የቀበሌው ማስረጃ አለ፣ የፖሊሱ አለ። የቀረው ፎቶ ነው። ባልና ሚስትነታችን የውሸት አለመሆኑን የሚያሳይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተነሳነው ፎቶ።

አልበሙን አወጣሁ። እኩለ ቀን ነው፤ ኤርኔል የጠገነውን ሞተር ሊሞክር ባሕር ወጥቷል። የመጀመሪያውን ገለጥኩ፣ ዜናይዳ። ሁለተኛውን ገለጥኩ፣ ዜናይዳ፣ ድዷ እየታየ። ሦስተኛው፣ አራተኛው... እኔ ዳር ላይ የቆምኩ የሩቅ ዘመድ ነው የምመስለው! ደሜ ፈላ። የካናዳ ቢሮ ሰው ይሄን አይቶ ኤርኔል የማን ባል ነው ይላል? መቀሱን አነሳሁ። በርጋታ ነው የቆረጥኩት፣ ውሸት ምን ያደርጋል፤ ደስ እያለኝ ነው የቆረጥኩት። ከሃያ ሦስቱ ፎቶ አሥራ ዘጠኙን። ሁለታችንን አስጠግቼ በማጣበቂያ ገጠምኩ። አንዱ ላይ ግን እጇ ኤርኔል ትከሻ ላይ ነው፤ እጇን ላውጣ ብል የባሌን ትከሻ ላጎድል ነው። ተውኩት። ጥፍራቸው ቀይ የተቀባ አራት ጣቶች፣ ባለቤት የሌላቸው፣ ባሌ ትከሻ ላይ ቀሩ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ስወስደው ልጅቷ አፍጥጣ አየችው። «ማናንግ፣ ይሄ እጅ የማን ነው?» አለችኝ፤ ማናንግ ማለት ታላቅ እህት ነው።

«የመልአክ!» አልኳት። «ሥራሽን ሥሪ።»

በታኅሣሥ ላክሁት። በግንቦት መልስ መጣ። የኮፒ ቤቷ ልጅ አትማ ሰጠችኝ፤ መንገድ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ካቀረብኩት ፎቶ በአሥራ ዘጠኙ ላይ አንድ ሰው ተቆርጦ መውጣቱን አይተዋል። ያ ሰው ማን ነው? ከአመልካቹ ጋር ያለው፣ ወይም የነበረው፣ ግንኙነት ምንድን ነው? ለምንስ ተደበቀ? ያልተቆረጡት ፎቶዎችና የዚያ ሰው የመሐላ ቃል በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልቀረበ፣ ጋብቻው ለመኖሪያ ፈቃድ ብቻ የተደረገ ነው ተብሎ ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሚስት ያለችው መስሏቸው ነው! እኔ በገዛ እጄ ለባሌ ሚስት ፈጠርኩለት።

ለኤርኔል ከመንገር ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? ወረቀቱንና የተቆራረጡትን ፎቶዎች ፊቱ ዘረገፍኩለት። አንድ በአንድ አነሳቸው።

«ኔኒ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፎቶ ነው።»

«ፎቶ መሆኑንማ አየሁ። ዜናይዳ የታለች?»

«አየህ? አየህ! መጀመሪያ የምትጠይቀው እሷን ነው!»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ቢሮውም የሚጠይቀው እሷን ነው!»

ስቄ ነበር፣ ለቅሶዬ ባይቀድመኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ኤርኔል ተቆጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮኸብኝ። «በኔና በእሷ መሃል ምንም የለም። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«ማልልኝ።»

«ስለ ራሴ እምልልሻለሁ። በእናቴ።»

«ስለ እሷስ?»

ዝም አለ። ያ ዝምታ ከስድብ ሁሉ ባሰብኝ። ቀጥሎ ተነስቶ ኮፍያውን አደረገና «የቆረጥሻት አንቺ ነሽ። የምትጠይቂያትም አንቺ» ብሎ ወጣ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን አኮረፍኩ። በእሷ ደጃፍ ሁለት ጊዜ አለፍኩ፣ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሃያኛው ቀን ጠዋት ኤርኔልን ጓዳ ውስጥ አገኘሁት፤ ለበረዶ ብሎ ከሰልባጅ ገበያ የገዛውን ወፍራም ጫማ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሳጥን ሥር እየገፋው ነው። ቀጥ ብዬ ዜናይዳ ቤት ሄድኩ።

ትምህርት ቤት እዚህ በሰኔ ስለሚከፈት ቤቷ በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቷል። እኔን ስታይ ስፒሉን ከአፏ አወጣች።

«ማናንግ ኔኒታ! ምን እግር ጣለሽ? ልትሄዱ ነው?»

አልተቀመጥኩም። ደብዳቤውን ነገርኳት፤ ያልተቆረጡት ፎቶዎች ስልኳ ውስጥ ይኖሩ እንደሆን ጠየቅኋት፤ የመሐላ ቃል የሚባለውንም ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። የተቆረጡትን ፎቶዎች ሳሳያት ገባት። ጣቶቹ የቀሩበትን አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ በዚያ ሳቋ ሳቀች። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ይሄን አልበም እኮ የሁለት ወር ስፌት ነው ያወጣሁበት» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ይሄን ያህል ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ይሄን ያህል ነው። እቀናብሻለሁ። ሳይሽ እቀናለሁ፣ ሳላይሽ እቀናለሁ። ምን ልሁን? ብትፈልጊ አሁን ከደጅሽ አባሪኝ፣ መብትሽ ነው። ብትፈልጊ ፈርሚልኝ።»

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ሂጂ፣ የማይረባ ወሬ አታውሪ። ነገ ጠዋት ጠበቃው ጋ እንገናኝ። አሁን አርባ ቀሚስ ይጠብቀኛል።»

የጠበቃው ቢሮ ከገበያው ፊት ለፊት ነው፤ ምስጢር የሚባል ነገር የማይገባበት አንድ ክፍል። ጠበቃው አንድ ጥግ፣ ጸሐፊዋ ሴሊያ ኮምፒዩተሯ ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ አራት ሰዎች። ዜናይዳ የቅዳሴ ልብሷን ለብሳ መጥታለች። ጠበቃው ደብዳቤውን አነበበና ቀለል አድርጎ ነገራት።

«ጎረቤት ነኝ፣ የእናቱ የክርስትና ልጅ ነኝ፣ ሲጠናኑ አብሬያቸው እወጣ ነበር፣ በይ። ይበቃል።»

«አቶርኒ፣ በመሐላ ነው አይደል?»

«በመሐላ ነው።»

«እንግዲያው ሴሊያ፣ ጻፊ።» እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። «ኤርኔልን ከልጅነቴ ጀምሮ እወደው ነበር።»

ሴሊያ መጻፏን አቆመች። ጠበቃው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዜናይዳ፣ ይሄ እኮ ግድ አይደለም።»

«ግድ ነው እንጂ። እጄን አላዩትም? ጎረቤት ሰው እንዲህ አይዝም። የፈረንጅ ቢሮ ሞኝ መሰለዎት? ጎረቤት ነኝ ብዬ ብምል ሦስታችንም ውሸታም ነን። ለምና የተከለከለች ሴት ናት ከተባለ ግን ያምናሉ። ጻፊ አንቺ፣ ምን ታፈጥጫለሽ! ሠርጋቸው ሁለት ወር ሲቀረው ጀልባ ቀለም እየቀባ ሳለ ሄጄ፣ እሷን ትተህ እኔን አግባኝ አልኩት። እምቢ አለኝ።»

«ምን ብሎ?» አለ ጠበቃው። ለወረቀቱ ይሁን ለጆሮው ፈልጎት አላውቅም።

«‹ኔኒታን ነው የምፈልገው። ባታገባኝም እሷን ነው የምፈልገው› አለኝ። ከዚያ በኋላ እጄን ነክቶ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የምነካው። በቃ። አንብቢልኝ ልፈርም።»

ሴሊያ አነበበችው። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል፣ አራቱም ሰዎች እየሰሙ። ዜናይዳ ቀኝ እጇን አንስታ ማለች፣ ፈረመች።

እኔ ምን ሆንኩ? እውነቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው። አላልኩም! ሰባት ዓመት አብደሻል ስትሉኝ አላልኩም? ደስታው አንድ ደቂቃ አልቆየም፤ ቅናቱ ተመልሶ መጣ፣ በሌላ በኩል። እኔ በሕይወቴ ማንንም አግባኝ ብዬ ለምኜ አላውቅም። አልደፍርም። ለምኜ ብከለከል ደግሞ አፌን ይዤ እሞታለሁ እንጂ፣ በሴሊያ ፊት፣ ለሌላዋ ሴት ጥቅም ብዬ፣ በምንም ተአምር አልናገረውም። በሳቋ ስቀናባት ኖሬ ያን ቀን በልቧ ቀናሁባት። በኀፍረት ፊቴ ተቃጠለ።

ወጥተን በገበያው መሃል ስንሄድ አላስችል አለኝ። «ለምን አልነገረኝም?»

«ለማንም እንዳትናገር ብዬ አስምዬው ነበር። ጠበቀልኝ። እኔው አፈረስኩት።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አዋረድሽ ራስሽን? ለኔ ብለሽ?»

«ላንቺ?» ሳቀች፣ ድዷ እስኪታይ። «አንቺን ብሎ! ምን አድርገሽልኝ! ለሱ ነው። መሄድ ይፈልጋል።» ከዚያ ፎቶዎቹን ስልኬ ላይ ላከችልኝና ወደ አርባ ቀሚሷ ተመለሰች።

ለኤርኔል ያለችውን ስነግረው መሮውን አስቀመጠ። «ተናገረችው?» አለ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ባሕሩን ሲያይ ዋለ። ምን እያሰበ እንደሆነ ልጠይቀው አሥር ጊዜ አፌን ከፍቼ አሥር ጊዜ ዘጋሁት።

ወሬውስ ዝም የሚል መሰላችሁ? በዚያው ቀን ማታ ጊምባልን አዳረሳት። በሳምንቱ ደረቅ ዓሣ ልገዛ ስሄድ ሻጯ እየጠቀለለችልኝ «ያቺ ባልሽን የለመነችውስ ደህና ናት?» ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

«የተለመነው የኔ ባል! የለመነችው እሷ!» ብዬ ጮህኩባት። «አንቺን ማን ጠራሽ? ያንቺን ባል ቢለምኑሽ አመስግነሽ አስረክበሽ ነበር!» ገበያው ሳቀ። ዓሣውን እዚያው ጥዬላት ሄድኩ። ለዜናይዳ ስሟገት ራሴን ስሰማው ነው የደነገጥኩት።

በነሐሴ ፈቃዱ ወጣ። ኤርኔል አቀፈኝና ከመሬት አነሳኝ፤ ቲያ ሎሊንግ እልል እያሉ አነቡ። አለቃዬ ትኬታችሁን ቁረጡ አለች። የምንሄድ ቀን ጠዋት ሻንጣችን ባጃጅ ላይ ተጭኖ ሳለ «አንዴ ጠብቁኝ» ብዬ ዜናይዳ ቤት ሄድኩ። ምን እንደምላት አላዘጋጀሁም። ይቅርታ የሚለው ቃል ለኔ ዓይነቷ ሴት ከባድ ነው፤ ግን ልለው ነበር።

በሩን የከፈቱልኝ እናቷ ናቸው። ከኋላቸው ስፌት መኪናው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

«ሄዳለች ልጄ» አሉኝ። «ረቡዕ በመርከብ፣ ባኮሎድ እህቷ ጋ። መኪናዋን ሸጣ።»

«ለምን? መቼ ነው የምትመለሰው?»

«አትመለስም። አላስቀምጥ አሏታ። ሴቶቹ ዩኒፎርም ማሰፋት ተዉ። ሕፃናቱ እንኳ መስኮቷ ሥር እየመጡ ‹አግባኝ! አግባኝ!› እያሉ ይሸሻሉ። ስንት ቀን ትስቃለች?» ፊታቸው ላይ ቁጣ አላየሁም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «መልካም መንገድ ይሁንላችሁ። ባልሽን ሰላም በይልኝ።»

ወደ ባጃጁ ተመለስኩ። ኤርኔል እናቱን ስሞ ተቀምጧል። «ተሰናበትሻት?» አለኝ።

«የለችም። ባኮሎድ ሄዳለች። ለኛ በማለችው የተነሳ ሰው አላስቀምጥ አላት። እኔ ነኝ ያስወጣኋት፣ ኤርኔል።»

ባጃጁ ተነሳ። ኤርኔል ዞሮ በኋላ መስኮቱ የዜናይዳን ቤት ማየት ጀመረ፣ የተዘጋውን መስኮቷን። አየሁት። ዓይኑ ውስጥ እንባ ነበር። ያው እሳት፣ የሰባት ዓመቱ፣ ሆዴ ውስጥ ተነሳ። ቀናሁ፤ እስክታመም ቀናሁ።

ከዚያ ወደ ፊት ተጠጋሁና የሹፌሩን ትከሻ ነካ አድርጌ «ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት።